የገደሉ ወይን

አሸዋውን መጀመሪያ ያገኙት አማቴ ናቸው። ፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ክዳን ባለው የቅቤ ዕቃ ውስጥ፣ ርጥብ አሸዋ። ከፍተው አዩትና መልሰው ከደኑት። ምንም አልጠየቁኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በዚያ መደርደሪያ ላይ ወተትም ሽንኩርትም አላስቀመጡበትም። ዙሪያውን በንጹሕ ጨርቅ ያብሱና ዕቃውን ሳያንቀሳቅሱ በሩን ቀስ አድርገው ይዘጉታል። የንጽሕና አመላቸው መስሎኝ ዝም አልኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እኔና እናቱ ዝም ተባብለን መኖር ለምደን ነበር።

ነገሩን ያወጣው ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ግንበኛ ነው፤ ባዶ መሬት ካየ ካልለሰነው እንቅልፍ አይወስደውም፤ ስሙን ያወጡለትም የገዛ እናቱ ናቸው። አንድ እሑድ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ፍሪጁን ከፍቶ የቅቤ ዕቃውን ሳብ ሲያደርገው አማቴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"አስቀምጥ! እንዳትነካው!"

"ምንድን ነው እሱ?" ክዳኑን አንሥቶት ነበር። "አሸዋ? እማዬ፣ አሸዋ እኮ ነው! ግንበኛ ልጅሽ አሸዋ ጠፍቶት ከፍሪጅ ይሰርቃል ብለሽ ነው?"

"አስቀምጥ ብያለሁ።" ድምፃቸው ወረደ። "የወንድምህ አፈር ነው።"

ሲሚንቶ ዕቃውን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ታቅፎ ደርቆ ቀረ። እኔ ልብስ አስጥቼ እየገባሁ በሩ ላይ ነበርኩ። ሴትዮዋ ያን ሁሉ ጊዜ ከመቃብሩ አፈር ዘግኜ መጥቼ ከወተታቸው ጎን ያስቀመጥኩ መስሏቸው ኖሯል። እንዳላፍር ብለው ነው ዝም ያሉት።

"አፈሩ አይደለም እማማ" አልኩ። "የወይን ዘር ነው።"

ሲሚንቶ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ሳቁም ተከትሎ መጣ። "ወይን! ፍሪጅ ውስጥ! ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ይሄን ነው ፕሮፌሰር?"

"ብርድ ካልቀመሰ አይነቃም። የብርዱ ወራት መጥቶ እንዳለፈ ማመን አለበት።"

"እና ዋሸሽው።"

"አዎ፣ ዋሸሁት።"

አማቴ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። "እኔ እኮ በየጠዋቱ 'እንዴት አደርክ' እለው ነበር" አሉና እሳቸውም መሳቅ ጀመሩ። ከዚያ "ከየት አመጣሽው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ከጃኬቱ ኪስ።"

ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ።

ባሌ ቀያሽ ነበር። መንገድ ከመሠራቱ በፊት ቀድሞ የሚሄድ፣ ድንጋይ ላይ ቀይ ቀስት እየቀባ "በዚህ ያልፋል" የሚል ሰው። የመጨረሻ ሥራው ከወንዙ በላይ ያለው ገደል ላይ ነበር። ከዚያ ደወለልኝ።

"ወይን አገኘሁ" አለኝ።

"ማን ተክሎት?"

"ማንም። ድንጋዩን ሰንጥቆ ነው የወጣው። ፍሬው ሽምብራ ያክላል፤ ይኮመጥጣል፤ ግን ውርጭም ድርቅም አልገደለውም። አትሳቂ።"

ሳቅሁ። ሲመለስ መኪናው ከገደሉ ወዲህ ያለው መታጠፊያ ላይ ተገለበጠ። ሆስፒታሉ ከመለሰልን ልብስ ውስጥ፣ ጃኬቱ ኪስ፣ የክብሪት ቀፎ አገኘሁ። ባሌ ሲጋራ አያጨስም ነበር። ስከፍተው ክብሪት የለም፤ ዘር ነው። አንዳንዱ ላይ የፍሬው ሥጋ ደርቆ ተጣብቆበታል። ፍሬውን በልቶ ዘሩን ወደ ቀፎው ተፍቶት ነበር።

ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

እኔ የምሠራው በከተማው የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የሚሰጥመውንና የሚንሳፈፈውን መለየት እንጀራዬ ነው። ዘሮቹን አሸዋ ውስጥ ከመቅበሬ በፊት ውሃ ውስጥ ነክሬያቸው ነበር፤ የተንሳፈፈው ባዶ ነው፤ የሰጠመውን ወሰድኩ። ሙቀቱ ሲመለስ በየቆርቆሮው ዘራኋቸው። ዕቃ ልገዛ የሄድኩበት ችግኝ ሻጭ የማደርገውን ስነግረው አዘነልኝ።

"ወይን ከዘር አይተከልም እመቤት። ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ነው የምትተክይው። ከዘር የወጣ እናቱንም አባቱንም አይመስልም፤ ምን ሆኖ እንደሚወጣ ማን ያውቃል?"

"ልጅም እንደዚያው ነው" አልኩት።

"ልጅ አይሸጥማ" አለኝ።

ከዘሮቹ ጥቂቱ በቀለ። ከበቀለው አንዳንዱን ትል ቆረጠው፤ አንዳንዱ ላይ የጎረቤት ድመት ተኛችበት። ሁለት ቀሩኝ። እነዚህን ሁለቱን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኘው የጓሮ ግድግዳ ሥር ተከልኳቸውና ሽቦ ወጠርኩላቸው። ግቢው የአማቴ ነው፤ እሳቸው በፊት ለፊቱ ቤት፣ እኔ በጓሮዋ ትንሽ ቤት እንኖራለን። ያ ግድግዳ ደግሞ ሲሚንቶ ከድሮ ጀምሮ ዓይኑን የጣለበት ነው፤ ለጣውላውና ለማሽኑ መጋዘን ሊሠራበት።

ክፉ ሰው አይደለም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ትልቅ የወይን ችግኝ ከነማሰሮው ተሸክሞ መጣ። "ወይን ከፈለግሽ ይኸው ወይን። ፈረንጅ አገር ያደገ፣ ወረቀት ያለው። አንዴ እንዲያፈራ አድርጊና ግድግዳውን ልቀቂልኝ።" ከሁለቱ ጎን ተከለው። ወዲያው ዘለላ አንጠለጠለ፤ ፍሬው የእርግብ እንቁላል የሚያክል፣ ጣፋጭ። የመጣ እንግዳ ሁሉ ጓሮ እየተወሰደ እንዲቀምስ ተደረገ። ቀጥሎ ዝናቡ ሲበዛ ቅጠሉ ዱቄት እንደተነሰነሰበት ነጣ፤ ከዚያ ውርጩ መጣና እስከ ሥሩ አጠቆረው። የእኔዎቹ ሁለቱ ከጎኑ ቆመው ነበር፤ ቅጠላቸው ላይ እንከን አልነበረም።

"ቅናት ነው የገደለው" አለ ሲሚንቶ፤ ደረቁን እንጨት እየነቀለ። "እነዚህ ሁለት ባልቴቶችሽ ናቸው የገደሉት።"

"ባልቴቷስ እኔ ነኝ" አልኩት። ደነገጠና ዞር አለ። እንዲደነግጥ ብዬ አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመት ሁለቱም አበቡ። የወይን አበባ አበባ አይባልም፤ አረንጓዴ አቧራ ነው። ከየሐረጉ አንድ አንድ ዘለላ ወደ ላቦራቶሪ ወስጄ በማጉያ አየሁት። በቀኝ በኩል ያለችው ሴቴ ናት፤ የአበባዋ ክሮች ወደ ታች ታጥፈዋል። በግራ ያለው ወንዴ ነው፤ ክሮቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ጫፋቸው ላይ ብናኝ አለ። የዱር ወይን እንዲህ ነው፤ ወንዱ ለብቻው፣ ሴቷ ለብቻዋ። የገበያው ወይን ሁለቱንም በአንድ አበባ ይዞ ስለሚመጣ ማንም ይህን አያስብም። ወንዴው በሕይወቱ አንዲት ፍሬ አያፈራም፤ ያለ እሱ ግን እሷ አታፈራም።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ሲሚንቶ ለወንዴው በዚያው ቀን ስም ያወጣለታል። የትኛውን ስም እንደሚያወጣለት አውቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ሴቴዋ እፍኝ የማትሞላ ጥቁር ፍሬ ሰጠች። ሲሚንቶ አንዷን አፉ ውስጥ ጣል አድርጎ ፊቱን አጨማደደ። "ፐ! ይሄ ወይን ነው ኮምጣጤ?" ዘሩን ግድግዳው ላይ ተፋው። "ሦስት ዓመት ተጠብቆ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አሉ። አንደኛው ጭራሽ አበባ ብቻ ነው። ሥራ ፈት። እትዬ፣ በቃሽ።"

"አይበቃኝም።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።"

"ወረቀት በለኝ።"

አማቴ ከመካከላችን ገቡ። ወደ ቤት ሄደው የራሳቸውን የገበያ ቅርጫት ይዘው መጡና ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር ሰቀሉት። "ነገር አታርዝሙብኝ። በሚመጣው ዓመት ይህ ቅርጫት ከሞላ ግድግዳው የሷ ነው። ካልሞላ ያንተ ነው። ጨረስኩ።"

ሲሚንቶ ቅርጫቱን አየ፤ ትልቅ ነው። ተስማማ። በማግስቱ ብሎኬት አስጭኖ መጥቶ ከሐረጎቹ ፊት ለፊት ደረደረው፤ "መጠባበቂያ" አለው። ብርዱን ሙሉ ያንን ክምር እያየሁ ወደ ሥራ ወጣሁ፤ እያየሁት ገባሁ።

ብርዱ ሊያልቅ ሲል፣ እምቡጦቹ ገና ማበጥ ሲጀምሩ፣ አንድ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ አማቴ ጓሮ፣ በፀሐይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ የሲሚንቶ መጋዝ አለ። ፊታቸው በርቷል።

"ነይ፣ ነይ፣ ያደረግኩልሽን እዪ!"

ወንዴው ከጉልበት በታች ተቆርጦ ወድቋል።

"ያ ሥራ ፈት ውሃዋን ይጠጣባት ነበር። ገላገልኳት። ልጅነቴን አትክልት ስኮተኩት ነው ያደግኩት፤ አውቃለሁ። አሁን ምግቡ ሁሉ ለሷ ነው። ቅርጫቱ ሞልቶ ይፈሳል፤ ያ ሲሚንቶ ያብዳል!"

ከተቆረጠው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። የወይን ሐረግ በዚህ ወቅት ሲቆረጥ ሥሩ የሚስበው ውሃ መሄጃ ያጣና ይወጣል፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ጣቴን አስነካሁት። ቀዝቃዛ ነበር።

"ምነው? ምን ሆንሽ?"

"እማማ፣ እሱ ወንዴው ነበር።"

"የምን ወንዴ?"

"አበባው የወንድ ነው። ብናኙ ካልደረሳት እሷ አታፈራም።"

"እሱ አያፈራም እኮ ልጄ። ፍሬ የማይሰጥ ነገር ደግሞ ምን..."

እዚያ ላይ አቆሙ። እኔ አልወለድኩም። ከልጃቸው ጋር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ በዚህ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ አሁንም ሊወጣቸው አልነበረም። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"አንቺን ማለቴ አይደለም።"

"አውቃለሁ እማማ።"

መጋዙን ከጭናቸው ላይ አንሥተው መሬት ላይ አስቀመጡት። "የቆጡን አወርድ ብዬ..." አሉና ተረቱን ሳይጨርሱ ተዉት። "ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እንደሆንኩ ለአሸዋ ሰላምታ የምሰጥ ሴትዮ ነኝ፤ እሱን ሰላም ማለት ያቅተኝ ነበር?"

መጋዙን አንሥቼ ወደ ቤት አስገባሁት።

ሲሚንቶ ሲመሽ መጣ። ቆሞ አየ። "ማን ነው የቆረጠው?"

"እኔ" አሉ አማቴ።

ነገሩን ስነግረው ሳቁ ግቢውን ሞላው። "እማዬ የኔ ጀግና! ለካ ከኔ ወገን ነሽ!"

"ዝም በል አንተ ድንጋይ!"

"እንግዲህ አለቀ ፕሮፌሰር። ሞተ።"

"አልሞተም። ሥሩ አለ፤ መልሶ ያቆጠቁጣል።"

"ዘንድሮ ያብባል?"

"ዘንድሮ አያብብም።"

"እሷስ?"

"ታብባለች።"

"ባዶዋን።"

"ባዶዋን አታብብም" አልኩ። ቃሉ ከአፌ የወጣው ምን እንደማደርግ ከማወቄ በፊት ነው። ከወጣ በኋላ ግን ማድረግ ያለብኝን አወቅሁት። "ገደሉ ላይ ወንዴ አለ። አበባውን አመጣለሁ።"

የሲሚንቶ ሳቅ ጠፋ። ከባሌ የመጨረሻ ጉዞ ወዲህ ከሦስታችን ማናችንም በዚያ መንገድ አልሄድንም። ሲሚንቶ በዚያ በኩል ሥራ ሲያገኝ እንኳ ዞሮ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው።

"ተይው እትዬ" አለኝ። ያለ ቀልድ "እትዬ" ሲለኝ ብርቅ ነው። "ይሄ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።"

"ውሃ የምወቅጠው ለደመወዜ ነው። በአውቶቡስ እሄዳለሁ።"

"አውቶቡስ አያስፈልግም" አሉ አማቴ። "እሱ ይነዳል።"

"እማዬ፣ እዚያ መንገድ..."

"ትነዳለህ አልኩ። እኔም እሄዳለሁ። መጋዙን የያዝኩት እኔ ነኝ።"

ገደሉ ከእኛ ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ ቀድሞ ያብባል። የሴቴዋ የአበባ ዘለላ እንደ ማሽላ ዘር ሆኖ ሲታይ ያኔ መሄድ እንዳለብን ነገርኳቸው። ሄድን፤ ሦስታችን በሲሚንቶ ፒክአፕ ጋቢና፣ አማቴ መሐል።

መታጠፊያው ሲቃረብ ሲሚንቶ ሬዲዮውን ዘጋ። ማርሹን አወረደ፤ መኪናው ከሰው እርምጃ ባልበለጠ ፍጥነት ሄደ። ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ነፋብን፤ ሲሚንቶ አልፈጠነም። አማቴ እጃቸውን ያዩ ነበር። እኔ በተራራው በኩል ያለውን ግድግዳ አየሁ፤ አፈሩ ቀይ ነው፤ ሣር በቅሎበታል። አለፍነው።

ገደሉ ጋ ስንደርስ ወይኑ የለም ብዬ አሰብኩ። መንገዱ ተሠርቶ አልቆ አስፋልት ለብሷል፤ ዐለቱ ሲፈነዳ የወጣው ድንጋይ ሁሉ ወደ ገደሉ ተደፍቷል። ከዚያ ሲሚንቶ ከመኪናው ወርዶ የመንገዱን መከላከያ ብረት ጨበጠና "ኧረ!" አለ። ብረቱ አይታይም፤ ሐረግ ለብሷል። ወይኑ ከድንጋዩ ክምር ሥር መጥቶ፣ ክምሩን ሁሉ ተሻግሮ፣ ብረቱ ላይ ወጥቶ፣ የፍጥነት ወሰን ምልክቱን እስከ አናቱ ሸፍኖታል።

"ይሄን ሁሉ ጭነውበት?" ሲሚንቶ ድንጋይ ያውቃል፤ ክብደቱን በዓይኑ ይመዝናል። ጎንበስ ብሎ የሐረጉን ግንድ ዳሰሰ። "ይሄ ነገር ኮንክሪትም ይበሳል እኮ።"

"አሁን ነው የገባህ?" አሉት እናቱ።

ብረቱ ላይ የነበሩት ሁሉ ሴቴ ነበሩ። ታች፣ ከክምሩ ግርጌ፣ ያልተነካው ዐለት ላይ ሌላ ሐረግ በቢጫ አቧራ ተሸፍኖ ይታየኛል። ያመጣነውን ገመድ ከፒክአፑ ጋር አሰርነው፤ ጫፉን ወገቤ ላይ ቋጠርኩት። ሲሚንቶ ቋጠሮውን አይቶ ፈታውና እንደ ገና አሰረው።

"እኔ ልውረድ" አለ።

"ወንዴውን ከሴቴዋ ትለያለህ?"

"አንቺ በምን ትለይዋለሽ?"

"እንዳንተ ክሩን ገትሮ የሚቆመው ነው። ፍሬ የለውም፤ አቧራው ብዙ ነው።"

"ሰደብሽኝ።"

"ወንድ አልኩህ እንጂ።"

አማቴ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው "በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!" እያሉ ወረድኩ። ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ይንከባለላል፤ ወንዙ ዘንድ ሲደርስ የሚያሰማውን ድምፅ ላለመስማት ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ገመዱ ያዘኝ። ከላይ ሲሚንቶ "ቀስ በይ! ቀስ! ጉልበትሽን እጠፊ!" እያለ ይጮኻል፤ ግንብ ላይ ለሚያሠራቸው ሠራተኞች እንደሚጮኸው።

ዐለቱ ጋ ደረስኩ። ወንዴው ነበር። የወረቀት ከረጢቴን አውጥቼ ዘለላዎቹን መቁረጥ ጀመርኩ። ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ ከሥሩ ቀይ ቀለም አየሁ። ዐለቱ ላይ የተቀባ ቀስት፣ ወደ ላይ የሚያመለክት፣ ዳር ዳሩ በዝናብ ታጥቦ የደበዘዘ። ብሩሹ የተነሣበት ቦታ ላይ ቀለሙ ወደ ግራ ይጎተታል፤ ባሌ ግራኝ ነበር።

መዳፌን ጫንኩበት። ዐለቱ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ሞቆ ነበር።

"እትዬ! ምን ሆንሽ?" ሲሚንቶ ገመዱን ወጠረው። "ለምን ቆምሽ?"

"ምንም! እየቆረጥኩ ነው!"

ከረጢቴን ሞልቼ ወጣሁ። ያየሁትን አልነገርኳቸውም። አማቴ ግን መዳፌን አዩት፤ ቀዩ ትንሽ ተላቆብኝ ነበር። በራሳቸው ቀሚስ ጫፍ ጠረጉልኝና እጄን ይዘው ቆዩ።

ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፌ አበባዎቹን ዘረጋኋቸው። ሲደርቁ ቢጫ ዱቄት ለቀቁ። በወንፊት አጣርቼ በላቦራቶሪ ትንሽ ጠርሙስ አደረግኩትና ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ እዚያው መደርደሪያ ላይ።

"በዚህ ፍሪጅ ምግብ የሚቀመጥበት ቀን ይመጣ ይሆን?" አሉ አማቴ። በማግስቱ ጠዋት ግን ሲከፍቱት ሰማኋቸው። "እንዴት አደርክ" አሉት።

ሴቴዋ ስታብብ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ወጣሁ። በቀጭን የሥዕል ብሩሽ፣ ዘለላ በዘለላ። ሲሚንቶ ብሎኬቱ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ያየኝ ነበር።

"አሁን ደግሞ ቀለም ቀቢ ሆንሽ።"

"የላይኛውን አልደርስበትም።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

ሻዩን ጨረሰና ሄደ። በማግስቱ ረጅሙን መሰላል ግድግዳው ላይ አስደግፎ አገኘሁት። "ለራሴ ሥራ ነው ያመጣሁት" አለ፤ እኔ ግን ምንም አልጠየቅኩትም ነበር።

አንድ ዘለላ ሆን ብዬ ሳልነካው በወረቀት ከረጢት አሰርኩት። ላቦራቶሪ ያስተማረኝ ነው፤ የተውከውን ሳታይ ያደረግከውን አታውቅም። አበባው ሲረግፍ ከረጢቱን ፈታሁና ሲሚንቶን ጠራሁት። በእጄ ያለው እንጨቱ ብቻ የቀረ ራቁቱን ዘለላ ነው። ከጎኑ ያሉት ሁሉ አረንጓዴ ጤፍ መስለው ዶቃቸውን ይዘዋል።

ሲሚንቶ ራቁቱን ዘለላ ተቀብሎኝ ጣቱ መሐል አሽከረከረው። "ይኼ ያለሱ ማለት ነው።"

"ያለሱ።"

 ከዚያ ኪሱ ውስጥ ከተተው። 

ፍሬው የጠቆረ ዕለት አማቴ ቅርጫቱን ከሚስማሩ አወረዱ። ለቀማውን ራሳቸው ያዙ፤ እኔ መሰላሉ ላይ፣ እሳቸው ታች። ሲሚንቶ ሜትሩን ቀበቶው ላይ ሰክቶ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። ስንጨርስ ቀርቦ እጁን ቅርጫቱ ውስጥ እስከ ክንዱ ከተተ።

"ምን እየፈለግህ ነው?" አሉት እናቱ።

"ከሥር ቅጠል አስቀምጣችሁ እንደሆነ።"

"በእናትህ ላይ!"

"እናቴንማ ነው የምጠረጥረው።"

ቅጠል አልነበረም። ሜትሩን አውጥቶ ከፍሬው እስከ ቅርጫቱ አፍ ለካ። እሱ ባይለካውም ይታያል። አልሞላም።

"አራት ጣት ይጎድላል" አለ።

"ቅርጫቱ ትልቅ ነው!" አማቴ ተቆጡ። "የኔ ቅርጫት ነው፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ጥፋቱ የቅርጫቱ ነው። ትንሽ ነቅነቅ ብታደርገው..."

"ይተዉት እማማ" አልኩ። ከመሰላሉ ወረድኩ። "አልሞላም። አራት ጣት ይጎድላል።" ከዚያ ሄጄ በሐረጎቹና በብሎኬቱ መሐል ቆምኩ። ከበስተጀርባዬ የተቆረጠው ወንዴ ነበር፤ ከጉቶው አቆጥቁጦ፣ ዘንድሮ ብቻ የቤቴን መስኮት ከፍታ አልፎ ወጥቷል። "ግድግዳውን ግን አልለቅም። በውል ተሸንፌያለሁ፤ እወቀው። ለጎረቤት ሁሉ ንገር፤ ዋሾ ነች በለኝ፤ ቃል አባይ በለኝ። ቁፋሮ ከጀመርክ ግን ከእኔ እግር ሥር ነው የምትጀምረው።"

"እትዬ..."

"ድንጋይ ተጭኖበት የወጣ ነገር ነው። አንተው አይተኸዋል። እኔ ከሱ አላንስም።"

ሲሚንቶ ከቅርጫቱ አንድ ፍሬ አነሣና አፉ ውስጥ ጣለው። ፊቱ ተጨማደደ፤ ዓይኑ እንባ አዘለ። ኮምጣጣ ነው፤ አዲስ ነገር የለም። አላመጠ። ዋጠ። ዘሩን ምላሱ ጫፍ ላይ አድርጎ ወደ ግድግዳው ዞር አለ፤ መልሶ ወደ እኔ ዞረ። የሚተፋበት ያጣ ይመስል ነበር።

ከኪሴ የክብሪት ቀፎውን አወጣሁና ከፍቼ ዘረጋሁለት። አወቀው። መዳፉ ላይ ተፋና፣ ዘሮቹን በሻካራ ጣቶቹ አንድ በአንድ ወደ ቀፎው አስገባቸው።

"እሺ ወረቀት" አለ። ብሎኬቱን አየ፤ ከዚያ እናቱን አየ። ሜትሩ በእጁ ተዘርግቶ ነበር፤ ሊጠቀልለው ጀመረ።

"አትጠቅልለው" አልኩት። ዘር በያዘው የክብሪት ቀፎ እየጠቆምኩ በግቢው ማዶ ያለውን፣ ምንም ያልበቀለበትን ግድግዳ አሳየሁት። "ያንን ለካልኝ።"